ስኳር በሽታና ልብን መግዛት

ከደባርቅ ተነሥቶ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ አዲ አርቃይ የወረደ መንገደኛ፥ ሾፌር ሲቈጣ ወይም ሲደነግጥ ምን ሊከተል እንደሚችል ያውቃል። መኪናው ደኅና ቢሆንም መሪው ያለው በሰው እጅ ነው። የስኳር በሽታም እንዲሁ ነው፤ መድኃኒቱ ቢገኝም ልቡን ያልገዛ በሽተኛ ከገደል አያመልጥም።

እ.ኤ.አ. በ1921 ባንቲንግና ቤስት በቶሮንቶ ከተማ ኢንሱሊንን አገኙ። በጥር 1922 ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ መርፌውን ተወጋ፤ ለሞት ተቃርቦ የነበረውም ልጅ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ።

በእኛ ዘንድ ግን ብዙ ወጣት በሽታውን ይደብቃል። «የሀብታም በሽታ ነው» የሚል ወሬም ያሳፍረዋል። ወሬው ሐሰት ነው። የጎንደሯ ሐኪም ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፥ ኢንሱሊን ከሚያሻቸው የገጠር ሰዎች ብዙዎቹ ከሲታና ድኾች መሆናቸውን ገልጠዋል።

ሰው ሲቈጣ ወይም ሲፈራ አድሬናሊንና ኮርቲዞል የሚባሉ ሆርሞኖች ወደ ደም ይፈስሳሉ፤ ጉበትም በጎተራው ያኖረውን ስኳር ይለቃል። ስለዚህ ከአለቃው ጋር የተጋጨ ጸሐፊ ወይም ፈተና ያስፈራው ተማሪ ጣፋጭ ሳይቀምስ ስኳሩ ሊወጣበት ይችላል። መርፌውን ተወግቶ ምግቡን ያዘገየ ሰው ደግሞ ስኳሩ ይወርድበታል፤ ያልበዋል፥ ይንቀጠቀጣል፥ ይነጫነጫል። የማያውቅ ሰውም «ሰክሯል» ይለዋል።

እንግዲህ በሽታው ካለብህ፥ ንዴት በመጣብህ ጊዜ «ይህ የእኔ ቁጣ ነው ወይስ የስኳሩ?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። ለክተህ ከ70 በታች ካገኘኸው፥ ወይም መለኪያ ሳይኖርህ ምልክቱ ከታየብህ፥ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠህ ጠጣ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላም ካልተሻለህ ድገም። ራሱን የሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም ሳይጨመርበት ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

በራስ መተማመን ማለት «ምንም አልሆንም» ብሎ መርፌውን መጣል አይደለም፤ ይህ ድፍረት ነው፤ ይገድላልም። በራሱ የሚተማመን ሰው ባለቤቱ «በሞቴ» እያለ ሲያጎርሰው «እግዜር ይስጥልኝ፤ ሐኪም ከልክሎኛል» ለማለት አያፍርም። ጾም ሲገባም ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ያማክራል።

ከሁሉ በፊት ግን አብሮህ ለሚማረው ወይም በቢሮ አጠገብህ ለሚቀመጠው ጓደኛህ «ስኳር አለብኝ» ብለህ ንገረው። በወደቅህ ቀን ሊረዳህ የሚችለው የሚያውቅልህ ሰው ነው።