ዦርዲ፦ የካታሎናውያን ጊዮርጊስ

የስሞችን ታሪክ መመርመር ሙያዬ ነውና፣ በባርሴሎና አደባባይ ዘወትር ስለሚሰማው ‹ዦርዲ› ስለሚባለው የወንድ ስም ጥቂት ላስረዳ። ይህ ስም፣ በልሳነ ጽርእ ምድርን የሚያርስ፣ ማለት ገበሬ፣ ተብሎ ከሚተረጐመው ቃል ተወልዶ፣ በሮማይስጥ በኩል አልፎ በካታሎናውያን አንደበት የተቀረጸ ሲሆን፣ እኛ ሊቀ ሰማዕታት ብለን የምናከብረው የቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ነው።

የካታሎንያ ሸንጎ እ.ኤ.አ. በ1456 የሰማዕቱን በዓል በአዋጅ ካጸናው ወዲህ ሕዝቡ የአገሩ ጠባቂ አድርጎ ሲያከብረው ኖሯል፤ ዛሬም በያመቱ ኤፕሪል 23 ቀን ወዳጅ ለወዳጁ ጽጌረዳና መጽሐፍ ያበረክታል።

በጄኔራል ፍራንኮ ዘመን ግን የካታላን ስሞች በመዝገብ እንዳይጻፉ ተከልክለው ስለ ነበር፣ እናቱ በቤት ዦርዲ ብላ የምትጠራው ልጅ በመንግሥት መዝገብ በእስፓንያው ቋንቋ ‹ኾርኼ› ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ታላቁ የእግር ኳስ ተጫዋች ዮሃን ክራይፍ፣ በአምስተርዳም ለተወለደው ልጁ ያወጣውን ዦርዲ የሚለውን ስም አልለውጥም ብሎ በባርሴሎና ማጽናቱ የሚታወሰው ስለዚህ ነው።

ስም የአበው ርስት ነውና፣ ዦርዲ የሚባል ሰው ሲያጋጥማችሁ፣ ሕዝቡ ተከልክሎም ባልተወው በዚያው ድምፅ በክብር ጥሩት።