የዋግ ዕጣንና የመድኃኒትነቱ ነገር

ከሰቆጣ ደጋ ወደ ተከዜ ቆላ ሲወረድ፣ በዝቋላና በአበርገሌ ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ሥር ሰድዶ፣ ስስ ልጡ በየጊዜው እየተላጠ የሚቆመው ዛፍ፣ ሙጫው በውቅር መስቀለ ክርስቶስ መቅደስ ለማዕጠንት፣ በየመንደሩም ለወላድ ቤትና ለቡና የሚጤሰው ዕጣን ነው። ጢሱ መንፈስን ያረጋጋል፣ ደዌንም ያርቃል የሚለው የአበው እምነት ምን ያህል እውነት ነው የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ዘመን ሲያከራክር ኖሯል።

ሙጫው የብዙ ንጥረ ነገሮች ውሁድ በመሆኑ መልሱም አንድ አይደለም። ቦስዌሊክ አሲድ የተባለው ብግነትን የሚያባብስ ኢንዛይም እንደሚገታ በጀርመን የቱቢንገን ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ቢያሳዩም፣ ከዚያ ወዲህ የበዛው ምርምር የተደረገው በህንዱ ዘመድ ዛፍ ላይ ነው። በእኛው ዛፍ ሙጫ በብዛት የሚገኘው ኢንሴንሶል አሲቴት ነው፤ ይህንንም በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ አርየህ ሙሳየፍ፣ ራፋኤል መሹላምና ባልደረቦቻቸው በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ለአይጦች ሰጥተው ፍርሃታቸው ሲቀንስ አይተዋል፤ ቲአርፒቪ3 የተባለው የሕዋስ በር በዘረመል ለውጥ እንዲጎድላቸው በተደረጉ አይጦች ላይ ግን አልሠራም። ግኝቱ ድንቅ ነው፤ ሆኖም ለአይጥ በመርፌ የተሰጠው ንጹሕ ንጥረ ነገር ከጽና ከሚወጣው ጢስ ጋር አንድ ስላልሆነ፣ ይህን ይዞ ዕጣን የጭንቀት ፈውስ ነው ብሎ በገበያ ማወጅ፣ በተለይም በተዘጋ ቤት የጢስ ብዛት ሳንባን እንደሚጎዳ እየታወቀ፣ ድፍረት ይመስለኛል።

ከዚህ የሚብሰው ጭንቅ የዛፉ ነው። ዕጣን የሚገኘው በበጋ ወራት የግንዱን ልጥ እየፋቁ፣ በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱም ያንኑ ቁስል እያደሱ በማድማት ነው። በኤርትራ ተጠንቶ በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ሥራ እንዳሳየው፣ ካልተደማ ዛፍ ዘር ከመቶው ከሰማንያ በላይ ሲበቅል፣ እጅግ ከተደማው ዛፍ ዘር የበቀለው ከመቶ ከ16 ያነሰ ነው። የበቀለውንም ከብት ይግጠዋል፣ ሰደድ እሳት ይፈጀዋል፤ ፍራንስ ቦንገርስና ባልደረቦቻቸው በ2019 እ.ኤ.አ. ከሦስት አራተኛ በሚበልጡት የዕጣን ደኖች ለጋ ዛፍ እንደጠፋ፣ ምርቱም በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ የጻፉት ስለዚሁ ነው።

ፍል ከከብት ሊከለል፣ የቆሰለው ዛፍም ከመደማት ሊያርፍ ይገባዋል፤ ዕረፍቱ ግን የቆላውን ደሃ የዓመት ገቢ የሚያሳጣ ነውና፣ ዕጣንን በመድኃኒት ስም የሚሸጥ ነጋዴ ይህን ኪሣራ በዋጋው ውስጥ ሊያስብ ግድ ይለዋል።