ሕፃናትን ስለሚያጠቃው የቫይረስ ተቅማጥ



ሕፃን ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው በብዙ ቤት «ጥርስ ሊያበቅል ነው» ይባላል። በአንዳንድ አካባቢም «ግግ ነው» ተብሎ ገና ያልበቀለው የወተት ጥርስ ከድዱ ውስጥ በስለት ተፈልቅቆ ይወጣል። ይህ ድርጊት ሕፃኑን ለደም መፍሰስና ለቁስል ማመርቀዝ ይዳርገዋል እንጂ ተቅማጡን አያቆምም፤ የተቅማጡ ምክንያት ከጥርስ ጋር ግንኙነት የለውምና።

በሕፃናት ላይ ብርቱ ተቅማጥ ከሚያስከትሉት ተሕዋስያን ዋነኛው ሮታቫይረስ ነው። ኖሮቫይረስ፣ አስትሮቫይረስና አንዳንድ የአዴኖቫይረስ ዓይነቶችም አሉ። ሮታቫይረስን እ.ኤ.አ. በ1973 በአውስትራሊያ ሜልቦርን ከተማ ሩት ቢሾፕና ባልደረቦቻቸው ከታመሙ ሕፃናት አንጀት በወሰዱት ናሙና በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩት። ቅርጹ መንኮራኩር ስለሚመስል በላቲን «ሮታ» ተባለ።

ቫይረሱ ከሰገራ ወደ አፍ በእጅ፣ በዕቃና በአሻንጉሊት ይተላለፋል። ሁለት ቀን ያህል ቆይቶ ትውከትና ትኩሳት ይጀምራል፤ ውሃ የመሰለ ተቅማጥም ይከተላል። ቫይረሱ የሚያጠፋው በቀጭኑ አንጀት ግድግዳ ላይ ውሃን የሚመጡትን ሕዋሳት ነው። ስለዚህ ሕፃኑን የሚገድለው ቫይረሱ ራሱ ሳይሆን ከሰውነቱ የሚያልቀው ውሃና ጨው ነው። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ቫይረስን አይገድልም፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መስጠት ከንቱ ወጪ ብቻ ሳይሆን ጉዳትም አለው።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? አንጀት ቢጎዳም ጨውና ስኳር በትክክለኛ መጠን ሲቀርቡለት አብሮ ያስገባቸዋል፤ ውሃውም ይከተላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ወደ ሕንድ በተሰደዱት መካከል ኮሌራ ሲገባ፣ የደም ሥር ፈሳሽ ያነሳቸው ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ይህንኑ ውህድ በአፍ አጠጥተው ብዙ ነፍስ አተረፉ። ዛሬ ኦ.አር.ኤስ የምንለው እርሱ ነው። አንዱን ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ መበጥበጥ ይገባል፤ ውሃውን ማሳነስ አደገኛ ነው፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከሩብ እስከ ግማሽ የውሃ ብርጭቆ በማንኪያ ይሰጠዋል። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ታግሦ ቀስ እያሉ መቀጠል ነው። ጡትም ሆነ ምግብ አይከለከልም። ጤና ጣቢያ የሚሰጠው ዚንክም፣ ተቅማጡ ቢቆም እንኳ፣ 10 ቀን ሙሉ መወሰድ አለበት።

ዓይኑ ከጎደጎደ፣ እንባና ሽንት ካጣ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ከፈዘዘ ወይም ሰገራው ደም ካለበት ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

እናቱን በሕፃንነቱ ያጣ የቲም ጉዳይ ደግሞ ይለያል። የእናት ጡት የሚሰጠውን መከላከያ አያገኝም፤ በጡጦ ያድጋል፤ ጡጦ ደግሞ በአግባቡ ለማጽዳት አስቸጋሪ ነው። ለአያቶችና ለአሳዳጊዎች በጡጦ ፈንታ በሲኒና በማንኪያ እንዲመግቡ ብንመክር ይበጃል። ውዱእ በቀን አምስት ጊዜ የመታጠብን ልማድ ሰጥቶናል፤ ሆኖም የሕፃን ሰገራ ለነካ እጅ ሳሙናም ያስፈልጋል።

ሌላው ክትባቱ ነው። አገራችን የሮታቫይረስን ክትባት በ2006 ዓ.ም. ጀምራለች፤ ከ6ኛው ሳምንት ጀምሮ በአፍ ይሰጣል። ተቅማጥን ሁሉ ባያስቀርም ብርቱውን ይቀንሳል። የቲም ከቤት ወደ ቤት ሲዘዋወር ብዙ ጊዜ የክትባት ካርዱ ይጠፋል፤ አሳዳጊውም ምን እንደተሰጠው አያውቅም። ስለዚህ ሕፃን የተረከበ ቤተሰብ በመጀመሪያው ሳምንት ልጁን ይዞ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ቤታቸውን የምትጎበኙም ከልብስና ከወተቱ ጋር ካርዱን ጠይቁ።