አስራ አንዱን ማን ይምረጣቸው? በምንስ ይመረጡ?



የጀመዓችን ቡድን ለግቢው ውድድር ሲዘጋጅ ሁሌም አንድ ክርክር ይነሳል፦ ማን ይሰለፍ? አምና የሚቀርቡንን ጓደኞቻችንን አሰለፍን፤ ጨዋታው ቢለወጥም አሰላለፋችንን ሳንለውጥ በመጀመሪያው ዙር ተሸኘን። ዳር ቆሞ ሲያየን የነበረ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ወንድማችን ከብዙዎቻችን እንደሚሻል ያወቅነው ከዚያ በኋላ ነው። ዘንድሮ ከመምረጣችን በፊት የሞሮኮን ቡድን እንመልከት።

ዋሊድ ረግራጊ ቡድኑን የተረከበው የ2022ቱ (እ.ኤ.አ.) የዓለም ዋንጫ ሊጀመር ሦስት ወር እንኳ ሳይቀረው ነበር። ከቀድሞው አሰልጣኝ ጋር ባለመስማማቱ ለአገሩ አልጫወትም ብሎ የነበረውን ሐኪም ዚየሽን መለሰ። ከ26ቱ ተጫዋቾች 14ቱ የተወለዱት ከሞሮኮ ውጭ ነው፤ ከአገር ውስጥ ክለብ የመጡም ነበሩ። መስፈርቱ ለቦታው መብቃት ነበር።

አጨዋወቱም ግልጽ ነበር። ኳስ ሲያጡ አራት ተከላካዮች፣ ከፊታቸው ሶፍያን አምራባት ብቻውን፣ ከእሱ ፊት ደግሞ አራት ሆነው መሃሉን ይዘጋሉ፤ ኳስ ሲነጥቁ በመስመር በፍጥነት ይወጣሉ። ስፔን ከ1000 በላይ ቅብብል አድርጋ ግብ አላገኘችም። ሞሮኮ በመለያ ምት 3 ለ 0 አሸነፈች።

ትልቁ ትምህርት ያለው ግን በፖርቹጋሉ ጨዋታ ነው። ናየፍ አገርድና ኑሰይር መዝራዊ በጉዳት አልተሰለፉም። በግራ መስመር የገባው ያሕያ ዐጢየት አላህ ረግራጊ በዊዳድ ሳለ ያሠለጠነው ተጫዋች ነው። እሱ ያሻማውን ኳስ ዩሱፍ ኤን-ነሲሪ በግንባሩ ገጭቶ አስቆጠረ፤ 1 ለ 0። ሞሮኮም ለግማሽ ፍጻሜ የደረሰች የመጀመሪያዋ የአፍሪካ አገር ሆነች። ተቀያሪው አስቀድሞ ስለሚታወቅና ስለተዘጋጀ ክፍተቱ አልታየም።

መለዋወጥ ሁልጊዜ ይሳካል ማለት ግን አይደለም። በፈረንሳዩ ጨዋታ በአምስት ተከላካይ ጀመሩና በ5ኛው ደቂቃ ግብ ገባባቸው። አምበሉ ሮማን ሳይስ በ21ኛው ደቂቃ ተጎድቶ ሲወጣ ወደለመዱት አራት ተከላካይ ተመለሱ፤ ከዚያ በኋላ ተሻሉ። 2 ለ 0 ቢሸነፉም ስህተትን በጊዜ ማረም ምን እንደሚመስል አሳይተውናል።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በኸንደቅ ዘመን መዲናን ለመከላከል ጉድጓድ የመቆፈርን ሐሳብ ያቀረበው ከሩቅ አገር የመጣው ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ) ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሐሳቡን ተቀበሉት። ኃላፊነት አማና ነውና ለሚመጥነው እንጂ ለሚቀርበን አይሰጥም። ይህ የጀመዓውን ዘርፍ ኃላፊዎች ስንመርጥም ይሠራል።

ስለዚህ ዘንድሮ ሁሉንም በልምምድ አይተን በየቦታው እንመርጣለን፤ ለእያንዳንዱ ቦታ ተቀያሪ እናዘጋጃለን፤ ሁለት ዓይነት አሰላለፍም እንለማመዳለን። ያን ወንድማችንን ይቅርታ ጠይቀነዋል፤ እመጣለሁ ብሏል፣ ኢንሻአላህ። እናንተም ኑ።

ወላሁ አዕለም።