የሦስት ወሩ ስኳር ከሲቢሲ ተነጥሎ አይነበብ

የስኳር ሕመምተኞች “የሦስት ወር ስኳር” የሚሉት ምርመራ፣ በላብራቶሪ ስሙ ኤ ዋን ሲ፣ የሚነግረን በቀይ የደም ሴል ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ምን ያህሉ ስኳር እንደተጣበቀበት ነው። በስኳር ሕመምተኞች ደም ውስጥ ይህን ሄሞግሎቢን ሳሙኤል ራህባር ቴህራን ላይ ያስተዋለው በ1968 እ.ኤ.አ. ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2011 እ.ኤ.አ. 6.5 በመቶን የሕመሙ መለያ አድርጎ ተቀበለ።

ሴሉ የሚኖረው 120 ቀን ገደማ ነው፤ ዕድሜው ከተዛባ ቁጥሩም ይዛባል። በብረት እጥረት ደም ያነሳት ሴት ስኳሯ ሳይጨምር ኤ ዋን ሲዋ ከፍ ሊል ይችላል። ደም የፈሰሰው፣ ወባ ቀይ ሴሎቹን ያፈረሰበት ወይም በቅርቡ ደም የተሰጠው ሰው ደግሞ ከእውነተኛው ያነሰ ውጤት ሊያገኝ ይችላል። እኔን ይበልጥ የሚያሰጋኝ ይህኛው ነው፤ ታማሚው “ደህና ነህ” ተብሎ ይሸኛልና። ደም ማነስ ደግሞ ብርቅ አይደለም፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶው ደም ማነስ ነበረባቸው።

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ከፍታውም ነገሩን ያወሳስበዋል። እርጉዝ ላልሆነች ሴት የደም ማነስ ወሰኑ በዴሲሊትር 12 ግራም ሄሞግሎቢን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለረጅም ጊዜ በተሠራበት ስሌት ግን ከፍታ ሄሞግሎቢንን ያበዛል በሚል 2500 ሜትር ላይ በዚህ ወሰን 1.3 ግራም ይታከል ነበር። ሱሉልታ ከዚያም ከፍ ትላለች። እዚያ 12.8 ያላት ሴት በአንዱ መስፈሪያ ጤነኛ፣ በሌላው ደም ያነሳት ናት። ሲንቲያ ቢልና አምሃ ገብረመድህን ያሉበት ቡድን በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢን ከባሕር ጠረፍ ነዋሪ ብዙም እንደማይለይ አሳይቷል። ስለዚህ ከሌላ አገር ተራሮች የመጣ ስሌት ለእኛ ደጋ ሰው ልክ ነው ብሎ መደምደም አይገባም።

ኤ ዋን ሲ ሲታዘዝ የደም ሴሎች ቆጠራው፣ ሲቢሲም፣ አብሮ ይታይ። ቀይ ሴሎቹ ትንንሽና መጠናቸው የተዘበራረቀ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የብረት እጥረት ነው፤ የብረት ክምችቱን ፌሪቲን ይናገራል። ለእርጉዞች፣ ለኩላሊት ሕመምተኞችና ውጤታቸው 6.5 አካባቢ ለሚዋልል ሰዎች የጾም ስኳር ይጨመር፤ እርጉዝ ላልሆኑት መለያው በዴሲሊትር 126 ሚሊግራም ነው። አንባቢዬ፣ የጣትዎ ምርመራና የሦስት ወሩ ውጤት ካልተስማሙ መድኃኒት ከመጀመርዎም ሆነ ከመለወጥዎ በፊት ሐኪምዎን “ደሜስ እንዴት ነው?” ብለው ይጠይቁ።