ባዶ መስሎ የታየው ቍጥር

ትምህርቷን በፊዚክስ ጨርሳ የመጀመሪያ ዲግሪዋን የተቀበለች ልጅ በቤታችሁ ብትኖር፤ አንድ ቀን ማታ ከእራት በኋላ «አባባ፤ ይፍቀዱልኝና ትምህርቴን ልቀጥል፤ ስለ ፕላኔቶችና ስለ ሕዋ ለመመራመር አስቤአለሁ» ብትላችሁ ምን ትመልሱላታላችሁ? ብዙዎቻችን «ልጄ፤ ይህ ምን እንጀራ ይሆንሻል?» ማለታችን አይቀርም። ጥያቄው ከወላጅ ሥጋት የመጣ ስለ ሆነ አይነቀፍም። ነገር ግን መልስ ከመስጠታችን አስቀድሞ ይህ ትምህርት ምን ዓይነት እንደ ሆነ ማወቅ ይገባናል።

ከመጀመሪያው ዲግሪ በኋላ ያለው ትምህርት ከበፊቱ በጠባዩ ይለያል። ተማሪው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትምህርት ይሰማል፤ ይፈተናልም፤ ከዚያ በኋላ ግን ማንም ሰው መልሱን የማያውቀውን አንድ ጥያቄ ይዞ ይቀመጣል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በቅኔ ቤት የሚማር ተማሪ የመምህሩን ቅኔ በቃሉ አጥንቶ ቢደግም ተቀኘ አይባልም፤ ከልቡናው አዲስ ቅኔ ማፍለቅ አለበት። የዶክትርና ማዕረግ የሚሻውም ተማሪ እንዲሁ አምስት ወይም ስድስት ዓመት፤ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፤ ከአንድ መምህር ሥር ሆኖ ከእርሱ በፊት ያልታወቀ ነገር እንዲያመጣ ይጠበቅበታል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን ታሪክ በአሜሪካ አገር በአዮዋ ዩኒቨርስቲ ተፈጽሟል። ፕሮፌሰር ጄምስ ቫን አለን በፊዚክስ ሕንጻው ምድር ቤት ከተማሪዎቻቸው ጋር ከሕዋ የሚመጣውን ጨረር የሚቈጥር መሣሪያ ይሠሩ ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ ጆርጅ ሉድዊግ በእጅ ሥራው የተመሰገነ ነበር። ሁለተኛው ካርል ማኪልዌይን ደግሞ መጀመሪያ የተመረቀው በሙዚቃ ሲሆን ወደ ፊዚክስ የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

በጥር 23 ቀን 1950 ዓ.ም.፤ በአውሮፓ አቈጣጠር ጃንዋሪ 31 ቀን 1958፤ የአሜሪካ የመጀመሪያዋ ሰው ሠራሽ ጨረቃ ኤክስፕሎረር 1 ይህን መሣሪያ ይዛ ወደ ላይ ወጣች። ወሬዋ ይሰማ የነበረው መቀበያ ጣቢያ ባለበት አገር ላይ ስታልፍ ብቻ ነበር። የደረሰው ቍጥር ግን ግራ የሚያጋባ ሆነ፤ ወደ ምድር ቀረብ ስትል በሴኮንድ 30 ያህል ይቈጥራል፤ እጅግ ከፍ ስትል ግን ምንም አይቈጥርም። ቍጥሩ ባዶ ነው።

መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር። መምህሩና ተማሪዎቻቸው ግን አላለፉትም። በመጋቢት 17 ቀን 1950 ዓ.ም. ኤክስፕሎረር 3 በተላከች ጊዜ ሉድዊግ የሠራው ትንሽ የቴፕ መቅጃ አብሯት ሄደ፤ በዚህም የአንድ ሙሉ ዙር ቍጥር ተገኘ። ቫን አለን በዋሽንግተን በሆቴል ክፍላቸው ሌሊቱን ቍጥሩን በወረቀት ላይ በመስመር ሲያወጡት ጨረሩ በድንገት እያደገ ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ባዶ ይወርዳል፤ ኋላም ይመለሳል። በዚያው ሰሞን ማኪልዌይን በአዮዋ አንድ የመቍጠሪያ መሣሪያ በኤክስሬይ ፊት አስቀምጦ ይፈትን ነበር። ጨረሩ ሲበዛ ቍጥሩ ይበዛል፤ ከልክ ሲያልፍ ግን መሣሪያው ባዶ ያሳያል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በበዓል ቀን በቤተ ክርስቲያን ጠባብ በር አጠገብ ቆሞ ሰውን አንድ በአንድ የሚቈጥር ሰው አለ እንበል። ሕዝቡ በየተራ ሲገባ ይቈጥራል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ግር ብሎ ሲገባ ግን አንዱን ከሌላው መለየት ስለማይችል መቍጠሩን ይተዋል። መሣሪያውም የሆነው ይኸው ነው። ባዶ ያሳየው ጨረር ጠፍቶ ሳይሆን እጅግ በዝቶበት ነው። ምድር በመግነጢስ ኃይሏ የያዘችው የጨረር ቀለበት እንዳለ በዚህ ታወቀ፤ በሚያዝያ 23 ቀን 1950 ዓ.ም. እኛ የቅዱስ ጊዮርጊስን በዓል በምናከብርበት ዕለትም ለዓለም ተነገረ። ቀለበቱ እስከ ዛሬ በመምህሩ ስም ይጠራል፤ የሥራው እኩሌታ ግን የተማሪዎቹ ነበር።

ትምህርቱም በዚያ አልቆመም። ከቫን አለን ተማሪዎች አንዱ የነበሩት ዶናልድ ገርኔት ኋላ ራሳቸው መምህር ሆነው ቮየጀር 1 በተባለችው መንኰራኵር ላይ መሣሪያ አኖሩ፤ ያም መሣሪያ መንኰራኵሯ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2012 ከፀሐይ ነፋስ ክልል ወጥታ በከዋክብት መካከል ወዳለው ሕዋ መግባቷን አስታወቀ።

ይህ ሁሉ ለእኛ ሩቅ ነው የሚል ቢኖር፤ የምድር የመግነጢስ ወገብ በአገራችን በሰሜኑ ክፍል ላይ እንደሚያልፍ ይወቅ። በቀን ከራሳችን በላይ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል። ስለዚህ ኤክስፕሎረር 1 በተላከችበት ዘመን በአዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመግነጢስ መመርመሪያ ጣቢያ ተቋቋመ። ዛሬም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ስለ ሕዋ የሚመራመር ዋሸራ የተባለ ላቦራቶሪ አለ፤ ዋሸራ የሚለው ስም የጎጃምን ቅኔ ቤት ለሚያውቅ ሁሉ የተወደደ ነው።

ጥቅሙስ? በአውሮፓ አቈጣጠር በማርች 1989 ከፀሐይ የተነሣ ማዕበል በካናዳ የኩቤክን የኤሌክትሪክ መሥመር አቋርጦ ስድስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ለሰዓታት በጨለማ አስቀምጧል። አውሮፕላንና መርከብ መንገዳቸውን የሚያውቁበት የሳተላይት ምልክትም በእኛ ሰማይ ላይ ፀሐይ ከገባች በኋላ ሊታወክ ይችላል። ይህን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁን «ምን እንጀራ ይሆንሻል?» ማለት ብቻ አይበቃም። መምህሯ ማን ነው? ተማሪዎቹንስ እስከ ፍጻሜ ያደርሳልን? ወጪዋን ማን ይችላል? ብላችሁ ጠይቁ። በአሜሪካ በዚህ ትምህርት የዶክትርና ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ መምህሩን በምርምር ወይም በማስተማር እየረዱ ከክፍያ ነጻ ሆነው ይማራሉ፤ ለኑሮ የሚበቃ አነስተኛ ገንዘብም ያገኛሉ። ሀብት ግን አይደለም። የተመረቀውም ሁሉ ፕሮፌሰር አይሆንም፤ ብዙዎች በኮምፒዩተር ሥራና በሌላም ሙያ ይሰማራሉ። ይህንንም ልጅቱ አስቀድማ ትወቀው።

ምርምር ከሃይማኖት ያወጣታል ብላችሁ ግን አትፍሩ። አባቶቻችን በባሕረ ሐሳብ የፀሐይንና የጨረቃን ጉዞ ቈጥረው በዓላትንና አጽዋማትን ወስነውልናል፤ ቍጥራቸው ከፈጣሪ አላራቃቸውም። እኩዮቿ ቤት ሲሠሩና ሲነግዱ የእርሷ ዓመታት ባዶ መስለው የሚታዩበት ጊዜ ይመጣል፤ ያን ጊዜ የአዮዋን መሣሪያ አስታውሱና ለመፍረድ አትቸኵሉ። እግዚአብሔር ለልጆቻችን ትዕግሥትን፤ ለእኛም ማስተዋልን ያድለን።