የስኳር መለኪያው ቁጥር ምን ይነግረናል?

  

የስኳር ሕመም ያለባቸው አንዳንድ ወንድሞችና እህቶች በቤታቸው መለኪያ ይዘዋል። መሣሪያው ቁጥር ያሳያል፤ ትርጉሙን ግን አይናገርም። ስለዚህ አንዱ 190 አይቶ ደንግጦ መድኃኒቱን በራሱ ይጨምራል። ሌላው 110 አይቶ «ድኛለሁ» ብሎ መድኃኒቱን ያቆማል። ሁለቱም ራሳቸውን ለአደጋ አጋልጠዋል።

ቁጥሩ እንደ ምስክር ነው። ቃዲ ምስክርን መቼና እንዴት እንዳየ ሳይጠይቅ አይፈርድም። እኛም ቁጥሩን እንዲሁ እንጠይቀው።

መጀመሪያ፣ መቼ ተለካ? ለአብዛኞቹ አዋቂዎች ጠዋት ምንም ሳይቀመስ ከ80 እስከ 130፣ መብላት ከተጀመረ ከ2 ሰዓት በኋላ ደግሞ ከ180 በታች ቢሆን መልካም ነው። ቆጮ ከተበላ ከ2 ሰዓት በኋላ 170 ቢታይ አያስደነግጥም። ሌሊቱን ሳይበሉ አድረው ያው 170 በየጠዋቱ ከታየ ግን ለሐኪም ሊነገር ይገባል። ለነፍሰ ጡሮችና ለአረጋውያን ሐኪሙ ሌላ ልክ ሊሰጥ ይችላል።

ሁለተኛ፣ እንዴት ተለካ? ሙዝ ወይም ማንጎ የላጠ እጅ ሳይታጠብ ቢለካ ቁጥሩ ያለ አግባብ ይጨምራል። ከውዱእ በኋላ እጅ ሳይደርቅ ቢለካ ደግሞ ውኃው ደሙን አቅጥኖ ቁጥሩን ሊቀንሰው ይችላል። ስለዚህ እጅን በሳሙና ታጥቦ በደንብ ማድረቅ ያስፈልጋል። የመለኪያው ወረቀት ጊዜው ያላለፈ ይሁን። እርጥበት ስለሚያበላሸው በተለይ በዝናብ ወራት ብልቃጡ ወዲያው ይከደን። ከእንግሊዝ ወይም ከደቡብ አፍሪካ ዘመድ የላከው መሣሪያ በሌላ መለኪያ ሊቆጥር ይችላል፤ እዚያ 7 የሚለው በእኛ 126 ነው። ለማወቅ በ18 ማባዛት ነው።

ሦስተኛ፣ ሌላ ምስክር አለ ወይ? አንድ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተበላውንና የተወሰደውን መድኃኒት በደብተር ጻፉ። ቀኑን ሙሉ ቡና ሲለቅሙ የዋሉ እንደሆነም ጻፉ፤ ሥራ ስኳርን ይቀንሳልና። ደብተሩን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይዛችሁ ሂዱ። መድኃኒት የሚጨምረውም የሚቀንሰውም ሐኪሙ ነው።

ቀጠሮ የማይጠብቅ ቁጥርም አለ። ከ70 በታች ከሆነ፣ ላብና መንቀጥቀጥም ከመጣ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣትና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት ያስፈልጋል። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጠው፤ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ከ300 በላይ ሆኖ ትውከት ወይም ከባድ አተነፋፈስ ካለም እንዲሁ ነው።

በረመዳን ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ፤ «ጣትን ወግቶ መለካት ፆም ያፈርሳል ወይ?» የሚል ነው። አያፈርስም። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ጂዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ ለምርመራ የሚወሰድ ደም ፆምን እንደማያበላሽ ወስኗል። ስለዚህ «ፆሜ ይፈርሳል» ብሎ አለመለካት ተቅዋ አይደለም። ፆመኛው ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ካየ፣ መግሪብ ሊደርስ ሩብ ሰዓት ቢቀረው እንኳ ወዲያው ያፍጥር። አላህ (ሱ.ወ.) ለሕመምተኛ በቁርኣኑ ፈቃድ ሰጥቷል፤ ነፍስን መጠበቅም ከሸሪዓ ዋና ዓላማዎች አንዱ ነው። ሲሻለው ቀዷ ያወጣል፤ ሕመሙ ጨርሶ መፆም የማያስችለው ከሆነ ፊድያ ይሰጣል። ለመፆም ያሰበ ሰው ረመዳን ሳይገባ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

አላህ ሕመምተኞቻችንን ያሽርልን፤ አሚን።